አስቀድሞ የሚጠየቀው ማን ነው?

የድርጅቶች የቀደመ ስም በክፉ ቀን ስለሚያመጣው ነገር የቀረበ የሕዝብ ንግግር

  እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የድርጅቶች የቀደመ ስም በክፉ ቀን ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ሲሰሙት የሥራ አስኪያጆችና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው እላለሁ። አደጋ በደረሰ በመጀመሪያው ሰዓት፣ መርማሪ ሳይሰየም፣ ምስክር ሳይሰማ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በልባችን የምንፈርደው እኛው ነን። በዚያ ሰዓት ማስረጃ በእጃችን የለም። ያለን ስለዚያ ድርጅት ከዚያ ቀን በፊት የሰማነውና በራሳችን የደረሰው ብቻ ነው፤ የምንፈርደውም በእሱ ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የቀደመ ስም በክፉ ቀን ከምንም በላይ የሚወስነው ማን አስቀድሞ እንደሚጠየቅ ነው። ስሙ የተከበረ ከሆነ የሕዝቡ ዓይን ሌላ ምክንያት ፍለጋ ይሄዳል። ስሙ የጎደፈ ከሆነ ዓይኑ እሱ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ከጀርባው ሌላ ጥፋተኛ ቢቆም እንኳ አይታይም። ይህ የጥያቄ ቅደም ተከተል የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ሁላችሁም የምታውቁት፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰብን የአውሮፕላን አደጋ ነው። መጀመሪያ ከዚያ ቀን በፊት በሩቅ አገር ስለሆነው፣ ቀጥዬ ስለ ራሳችን አየር መንገድ፣ ከዚያም ስለ አውሮፕላን ሠሪው ስለ ቦይንግ እናገራለሁ። በመጨረሻ መልካም ስም ስለማይችለው ነገር፣ የእኛንም ሸክም ጨምሬ፣ አነሣለሁ።

ነገሩን ከቤታችን ልጀምረው። በዕቁብ ውስጥ ለዓመታት ቀን ሳያዛንፍ ሲጥል የኖረ ሰው አንድ እሑድ ቢቀር፣ ሰብሳቢው «ምነው? ታሞ ይሆን?» ብሎ ሰው ይልክበታል። በየጊዜው ሲያስለምን የኖረው ግን ልጁ በእውነት ታማበት ቢቀር እንኳ «ይኸው እንደ ልማዱ!» ይባላል። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነው። የተለየው የቀደመው ታሪካቸው ብቻ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ቲሞቲ ኩምብስ ከባልደረባው ከሼሪ ሆላዴይ ጋር ይህንኑ ነገር በድርጅቶች ላይ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ካገኟቸው ነገሮች አንዱን አስታውሱልኝ፤ ክፉ ስም የሚያስከትለው ጉዳት መልካም ስም ከሚሰጠው ጥበቃ ይበልጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለው የአገራችን ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከልጡ መበርየት አይደለም። ሰው ሁሉ ልጡን ሲሸሽ እባቡ በሌላ በኩል የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

እንዲህ ያለው ነገር የሆነው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር አውሮፕላን ከጃካርታ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ። የተሳፈሩት 189 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር፤ አየር መንገዱ ከተረከበው ሦስት ወር አልሞላውም። ገና አዲስ አውሮፕላን ሲወድቅ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት የሠራው ፋብሪካ ነው። ነገር ግን ላየን ኤር ስሙ የጎደፈ ነበር። በርካሽ ዋጋ በፍጥነት ያደገ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሶሎ ከተማ ላይ አንድ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ወጥቶ 25 ሰዎች ሞተዋል። በ2013 ባሊ ደሴት ላይ ሌላው ከመንደርደሪያው ደጃፍ ባሕር ላይ አርፏል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሌሎች የኢንዶኔዥያ አየር መንገዶች ጋር ከሰማዩ ከልክሎት፣ እገዳው የተነሣለት በ2016 ነው።

ስለዚህ ዓለም የጠየቀው ላየን ኤርን ነበር። ጥገናው እንዴት ነው? አብራሪዎቹ ብቁ ናቸው ወይ? ያው አውሮፕላን ከአደጋው በፊት ባደረገው በረራ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት እንደ ነበር ሲታወቅ፣ ታዲያ ለምን እንዲነሣ ተፈቀደለት? እነዚህ ጥያቄዎች መሠረት አልነበራቸውም አልልም። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች በመጨረሻው ዘገባቸው ከዘረዘሯቸው 9 ምክንያቶች ውስጥ የጥገና ጉድለት አለበት። ግን ከዝርዝሩ ለእኔ ዋነኛው አውሮፕላኑ ውስጥ የተሠራው ነገር ነበር። ኤምካስ የሚባል፣ አንዲት መለኪያ ብቻ የምትነግረውን አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚደፋ ሥርዐት ነው። ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ አልተገለጸም ነበር። አብዛኞቹ አብራሪዎች እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሰሙት 189 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር በውስጥ ባዘጋጀው ግምገማ፣ ምንም ካልተስተካከለ ይህ የአውሮፕላን ዓይነት በአገልግሎት ዘመኑ እስከ 15 የሚደርስ ከባድ አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል ገምቷል። ሰነዱ ለሕዝብ የታየው ከዓመት በኋላ በኮንግረስ ፊት ነው። አውሮፕላኑ እስከዚያው በዓለም ዙሪያ መብረሩን ቀጠለ፤ ከቦሌም ይበር ነበር። ላየን ኤር የተከበረ ስም ያለው አየር መንገድ ቢሆን ኖሮ ያ አውሮፕላን አራት ወር ሙሉ ያለ ከባድ ጥያቄ ይበር ነበር ወይ? አይመስለኝም። የአንዱ ድርጅት ክፉ ስም የሌላውን ጥፋት ሸፈነ፤ የመሸፈኑን ዋጋ የከፈሉት መጋቢት 1 ቀን ቢሾፍቱ አጠገብ ያረፉት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚያ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ የአየር መንገዳችን የበረራ ቁጥር 302፣ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። በውስጡ 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራው ዘገባ ከዚያ በኋላ ያለውን በሰከንድ ይተርከዋል። ከመሬት እንደ ለቀቀ በግራ በኩል ያለችው መለኪያ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከነፋሱ አንጻር 74.5 ዲግሪ ሽቅብ ተንጋሏል የሚል ምልክት ሰጠች፤ በቀኝ ያለችው 15 ዲግሪ ገደማ ታሳይ ነበር። ኤምካስ የግራዋን አመነ፤ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋው። አብራሪዎቹ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ቦይንግ ባወጣው መመሪያ መሠረት ሥርዐቱን የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አጠፉ። መመሪያው ከዚያ በኋላ በእጅ የሚዞረውን መንኮራኩር ተጠቀሙ ይላል። ረዳት አብራሪው ሞከረ፤ አልሠራም አለ። በዚያ ፍጥነት የነፋሱ ኃይል መንኮራኩሩን በእጅ እንዳይዞር አድርጎት ነበር። ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ሲበራ ኤምካስ እንደ ገና ደፋው። ከተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ መሬት ውስጥ ገባ። ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች የነበሩበት አውሮፕላን ነው፤ 157ቱም አለቁ።

በዚያ ቀን የዓለም ሕዝብ የጠየቀው ጥያቄ ከጥቅምቱ የተለየ ነበር። የተለየበትን ምክንያት ለማየት ወደ 1938 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያ ዓመት ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይም የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የራሱን አብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች በራሱ ትምህርት ቤት አሠልጥኗል፤ የሌሎች አፍሪካውያን አየር መንገዶችንም ሠራተኞች አስተምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የቦይንግ ጄት ገዢ ነው። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ ጦርነትና ረኃብ መጥቶ ሄዷል፣ አየር መንገዱ ግን እንደ ሙያ ቤት ቆይቷል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ነዳጁ ያለቀበትን አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ያሳረፈው የካፒቴን ልዑል አባተ ሥራ በአብራሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይወሳል፤ ብዙ ሰው ቢሞትም 50 ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ያንን ባለ ሦስት ቀለም ጅራት ሲያይ አገሩ የገባ የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ሁሉ በአንድ ጀምበር የሚገኝ ስም አይደለም፤ መጋቢት 1 ቀን የዓለምን ዓይን ያዞረውም እሱ ነው። «ኢትዮጵያዊው አየር መንገድ ላይ እንዲህ ከደረሰ ችግሩ ያለው አውሮፕላኑ ላይ ነው» የሚል ሐሳብ በአንድ ቀን ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተወልደ ገብረማርያም ዕለቱን አደጋው ቦታ ድረስ ሄደው ፍርስራሹ መካከል ታዩ፤ አየር መንገዱም የቀሩትን ማክሶች ወዲያው አቆመ። በማግስቱ ቻይና አገደች፤ ኢንዶኔዥያ ተከተለች። በሦስተኛው ቀን ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ሰማያቸውን ዘጉ። አሜሪካ በመጀመሪያ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብላ ጸናች፤ ያገደችው በአራተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ነው። በጥቅምት 189 ሰዎች ሞተው ያልተደረገው ነገር በመጋቢት በአራት ቀን ውስጥ ተደረገ። ሁለተኛ አደጋ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የወደቀው የማን አውሮፕላን ነው የሚለው ነበር፤ ይህን ለማለት አልፈራም።

እዚህ ላይ ልባችንን የነካ ሌላ ነገር አለ፤ ሳላነሣው ባልፍ ደስ አይለኝም። አየር መንገዱ በራሱ ታሪክ ሙሉ በሙሉ አልተዳኘም። በከፊል የተዳኘው በአህጉሩ ስም ነው። የረዳት አብራሪው የበረራ ልምድ 361 ሰዓት መሆኑ በውጭ አገር ጋዜጦች ደጋግሞ ተጻፈ፤ የካፒቴኑ ከ8,000 ሰዓት በላይ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ በጎን ታለፈ። አንድ የአሜሪካ የምክር ቤት አባል በይፋ ስብሰባ ላይ፣ አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ይህን ሁኔታ ይወጣው እንደ ነበር ተናገሩ። 70 ዓመት ተሠርቶ የተገኘ ስም ሰው ራሱ ባልሠራው በሌላ ስም፣ በአፍሪካዊነት ላይ በተለጠፈ ጥርጣሬ፣ ሲገፋ አየን። ለዚህ መልስ የሚሆነው ቁጣ አልነበረም፤ ማስረጃ ነበር። የመረጃ ሣጥኖቹ ፈረንሳይ አገር ተነበቡ። መጋቢት 26 ቀን የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያ ደረጃ ዘገባውን ይፋ ሲያደርጉ፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው እንደ ፈጸሙ፣ አውሮፕላኑን ግን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ገለጹ። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚም በዚያው ቀን፣ በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ በተሳሳተ መረጃ መነሣቱን አምነው ይቅርታ ጠየቁ።

ወደ ቦይንግ ልለፍ። ከመጋቢት በፊት ቦይንግ በአቪዬሽን ዓለም እጅግ የተከበረ ስም ነበረው። አሜሪካውያን መንገደኞች ቦይንግ ካልሆነ አልሳፈርም የሚል መፈክር ነበራቸው። የገዛ አገሩ ተቆጣጣሪም የማረጋገጥ ሥራውን በከፊል ለኩባንያው ባለሙያዎች እስከ መስጠት አምኖታል። ያ እምነት በክፉ ቀን ለቦይንግ ጊዜ ገዛለት፤ ጥያቄው ላየን ኤር ላይ ያረፈባቸው ወራት እሱ የገዛው ጊዜ ናቸው። መልካም ስም የሚሰጠው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው፤ ትልቁ ጥያቄም በዚያ ጊዜ ምን ተሠራበት የሚለው ነው።

የምርመራ ሰነዶች ሲወጡ ሕዝቡ መልሱን አገኘ። ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚናገረው ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ እንደማይሠራ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሠራተኞች እርስ በርስ የተጻጻፏቸው መልእክቶች የውስጥ ሥጋታቸውን አጋለጡ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙይለንበርግ፣ የላየን ኤር አደጋ ዓመት በሞላበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2019 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ሲቀርቡ የሟቾች ቤተሰቦች የወዳጆቻቸውን ፎቶ ከፍ አድርገው ከኋላቸው ቆመው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ከሥራቸው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ኩባንያው የአሜሪካን ተቆጣጣሪ በማታለል ተከሶ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

የቦይንግን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው የቁጣው ዓይነት ነው። ሰው ከማያምነው ሲጎዳ ያዝናል፤ ካመነው ሲጎዳ ግን የተከዳ ሰው ቁጣ ይቆጣል። ለቦይንግ ያለፈው ክብሩ ራሱ ክስ ሆነበት። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2024 ከፖርትላንድ የተነሣ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ 9 በሰማይ ላይ ሳለ የበር ክፍተት የሚደፍነው ክዳኑ ተገንጥሎ ወደቀ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ ሰው የለም። ሆኖም በማግስቱ 171 አውሮፕላኖች ታገዱ፤ በሦስት ወር ውስጥ ተተኪው ዋና ሥራ አስፈጻሚም እንደሚለቁ አስታወቁ። በዚህ ጊዜ ማንም ስለ አብራሪዎቹ ሥልጠና አልጠየቀም። አስቀድሞ የሚጠየቀው ቦይንግ ሆኗል።

አሁን መልካም ስም ስለማይችለው ነገር ጥቂት ልበል። ስለ ድርጅቶች ስም በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ቺካጎ አካባቢ አንድ ወንጀለኛ ታይለኖል በተባለው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ 7 ሰዎች ሞቱ። ብዙ ጊዜ ሲተረክ «መልካም ስሙ አዳነው» ይባላል። ይህን አልቀበልም። የመድኃኒቱ የገበያ ድርሻ ከሲሶ በላይ የነበረው ወዲያው ከ10 በመቶ በታች ወርዷል፤ የተከበረ ስም እናትን ለልጇ መድኃኒት ስትሰጥ ከመፍራት አላዳናትም። ገበያውን የመለሰው ኩባንያው 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከየመደብሩ ሰብስቦ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ከከፈተው በሚያስታውቅ ማሸጊያ መመለሱ ነው። ስሙ የረዳው ኩባንያው ሲናገር እንዲሰማ ነው። የብሪታንያው ቢፒ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሜክሲኮ ሰላጤ ላይ 11 ሰዎች የሞቱበት ቁፋሮ መድረክ የሌላ ኩባንያ ንብረት ነበር። ይሁን እንጂ በ2005 ቴክሳስ ሲቲ ማጣሪያው ውስጥ 15 ሰዎች ሞተውበት ስለ ነበር፣ ለአካባቢ ተቆርቋሪ ነኝ ብሎም በማስታወቂያ ሲናገር ስለ ቆየ፣ ሕዝቡ ከቢፒ ሌላ ስም ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረም።

የእኛም ሸክም አለ ብዬ ነበር። የምንወደው ድርጅት ሲነካ እኛም በቀደመ ስም ነው የምንፈርደው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ቤሩት ላይ 90 ሰዎች የሞቱበት አውሮፕላናችን ጉዳይ በሊባኖስ መርማሪዎች የአብራሪዎች ስሕተት ተብሎ ሲደመደም አየር መንገዱ አልተቀበለውም፤ አብዛኞቻችንም ዘገባውን ሳናነብ ከአየር መንገዱ ጋር ቆምን። የ302 የመጨረሻ ዘገባ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሲወጣም የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ ሥራ በበቂ አልተመረመረም፣ መለኪያዋ የተበላሸችበትም ምክንያት ዘገባው ካለው የተለየ ነው ብለው ተቃውመዋል። ኤምካስ የመንሥኤው አካል መሆኑን ግን እነሱም አልካዱም። እነዚህን ተቃውሞዎች አንብቦ መመዘን ፍቅርን አይቀንስም። ነገ በዚያው አውሮፕላን የሚሳፈሩት የእኛው ልጆች ናቸውና መመዘን ይገባናል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ልጨርስ ነው። በዚህ አዳራሽ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ ወይም የትራንስፖርት ድርጅት የምትመሩ ካላችሁ፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ በዚህ ዓመት የመጡላችሁን ትንንሽ አቤቱታዎች አስቀርቡና መልስ ሳያገኙ የቀሩትን ቁጠሩ። በክፉ ቀን ሕዝቡ እናንተን የሚያነብባችሁ በእነሱ ነው። እኛ የቀረነው ደግሞ የሚቀጥለውን የአደጋ ዜና ስንሰማ፣ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ። ይህ የደረሰው በምወደው ድርጅት ላይ ቢሆን ኖሮ አስቀድሜ የምጠይቀው ማንን ነበር? መልሱ ከተለየ፣ ያ የተለየው ሰው ወይም ድርጅትም ይጠየቅ ብለን እንጩኽ። በጥቅምት 2011 እንዲህ ብሎ የጮኸ በቂ ሰው አልነበረም።